በር ዘግተው የሚጠይቁት ሰው

ጋሽ ነገራ መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ያውም ቡራዩ፣ የጋዝ ቆርቆሮ ይዤ አውቶቡስ ስጠብቅ። የነገረችኝ ድሮ ሐኪም ቤቱን ታጸዳ የነበረችው ጫልቱ ናት። «ኦቦ ነገራን ቀበርናቸው እኮ፤ አልሰማሽም እንዴ?» አለችኝ፣ የድንች ዋጋ የምትነግረኝ ይመስል። እኔ ደግሞ ሳዝን ቀድሞ የሚመጣብኝ ቁጣ ነው። «ታዲያ ሰው አይላክም? እኔ ሰው አይደለሁም?» ብዬ እመንገድ ላይ ጮኽኩባት። ምስኪን፣ ደንግጣ «ማን ይላክ እቴ? ሱሉልታ ነው የተቀበሩት። እኔም የደረስኩት አፈር ሲመለስ ነው» አለች። አውቶቡሱ መጣ፤ አልተሳፈርኩም። ቆርቆሮዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ጫልቱም አጠገቤ ቆመች።

ለቅሶ ልደርስ ሱሉልታ ስሄድ ሰዉ ሁሉ «ደግ ሰው ነበሩ» ይላል። ደግማ ማን ያልሆነ አለ? ሞቶ ደግ ያልተባለ ሰው እስካሁን አላየሁም። እኔ ጋሽ ነገራን የማልረሳቸው ደግ ስለነበሩ ብቻ አይደለም። ሰው መጠየቅ የሚያውቁ ሰው ስለነበሩ ነው። ይህን ለቅሶ ቤት ውስጥ የሚያነሣ አልነበረም፤ እኔም አፌ አልደፈረም። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ሐኪም ቤታችን ከቡራዩ አለፍ ብሎ፣ ወደ መናገሻ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፍ መሐል የተሠራ ትንሽ ቤት ነበር። ሃያ የማይሞላ አልጋ፣ አንድ ፈረንጅ ሐኪም፣ ቁስል የሚያጥቡ፣ መርፌ የሚወጉ ሁለት ድሬሰሮች፣ አንድ አስተዳዳሪና እኔ። ጊዜው የጃንሆይ ነው፣ ሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ፣ እጅ ጽሑፏ ቆንጆ ነው ተብዬ ካርድ ክፍል ተቀጠርኩ። የማይረባ ኩራት ነበረኝ፤ አባቴ ከጎንደር የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበር ባላገር ሁሉ እኔ ፊት ሲቆም ጫማውን ማየት እወድ ነበር። ጫማ ከሌለውም ያንኑ አያለሁ።

ሥራዬ ቀላል ነው። በሽተኛው ሲመጣ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ፣ ዕድሜውን፣ አገሩን፣ ምን እንዳመመው መጻፍ ነው። ከካርዱ ግርጌ ግን ሐኪሙ ራሱ ያስጨመራቸው ሁለት ጥያቄዎች ነበሩ። ይጠጣል ወይ? ያጨሳል ወይ? ኦፕራሲዮን የሚደረግ ሰው በኤተር ነው የሚተኛው። ደረቱ በጋያ ትምባሆ ወይም በሲጋራ የተጎዳ ሰው ኤተሩን አይችለውም፤ ቢችለውም ሲነቃ ሳሉ ስፌቱን ይበጥስበታል። ጠጪ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ እሱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «አልጠጣም። አላጨስም።» ግንባሩን በጠርሙስ የተፈነከተ፣ ገና ከሩቁ አረቄ አረቄ የሚሸት ሰው እፊቴ ቆሞ «እኔ? ኧረ እግዜር ያሳይሽ!» ይለኛል። እኔም በዚያ ቆንጆ ጽሑፌ «አይጠጣም» ብዬ እጽፋለሁ። የኔ ካርዶች ቢታመኑ ኖሮ ያ አገር በሙሉ የመናኝ አገር ነበር።

ጋሽ ነገራ በየጠዋቱ ካርድ ክፍል ብቅ ይሉና «አስናቀች፣ ዛሬ ስንት ጻድቅ መዘገብሽ?» ይሉኛል። ከድሬሰሮቹ አንጋፋው እሳቸው ናቸው። አጭር፣ አንድ ትከሻቸው ዘቅዘቅ ያለ፣ ሰው ሲያዳምጡ አንድ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ነበሩ። የካኪ ካፖርታቸው አንገት ላይ በክር የተንጠለጠለ ቁልፍ አለ፤ የመድኃኒቱና ቁስል የሚጸዳበት አልኮል፣ የስፒሪቶው፣ ቁም ሣጥን ቁልፍ ነው። አስተዳዳሪው እንኳ ስፒሪቶ ሲፈልግ እሳቸውን ይለምናል። ሱሉልታ ተወልደው፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እንደ እጃቸው የሚያዙ ስለነበሩ በሽተኛ ሁሉ እሳቸውን ይጠብቃል። ባላገሩ «ኦቦ ነገራ» ይላቸዋል፣ እኛ «ጋሽ ነገራ»።

እሳቸው ታዲያ እንዴት ነው የሚጠይቁት? በሽተኛ ብቻውን አይመጣም። ሚስት አለች፣ ወንድም አለ፣ የነፍስ አባት አለ፣ ቃሬዛ የተሸከመ ግማሽ መንደር አለ። ጋሽ ነገራ ሞቅ ያለ ውኃ በሳፋ ይዘው ይገቡና «እግር ላጥብ ነው፤ ውጡልኝ» ይላሉ። ዘመድ ሁሉ ይወጣል። በሩን ይዘጋሉ። በሽተኛው ያብዳል። «ኧረ አይሆንም! ኧረ በአምላክ፣ አንቱ የኔን እግር!» ሲል «ጭቃ ይዘህ ኦፕራሲዮን ቤት አትገባም» ብለው ይንበረከካሉ። ለኦፕራሲዮን እግር መታጠቡ እውነት ያን ያህል ግዴታ አልነበረም፤ ኋላ ነው ያወቅኩት።

ከዚያ፣ ኋላ ራሳቸው እንደነገሩኝ፣ እያጠቡ፣ ቀና ሳይሉ፣ ስለ ዝናቡ ስለ ከብቱ ያወሩና «የመጀመሪያዋን መለኪያ ከቁርስ በፊት ነው ከቁርስ በኋላ?» ይላሉ። ትጠጣለህ ወይ አይሉም። እንደሚጠጣ አውቀው፣ ነውር እንዳልሆነ አድርገው ነው የሚጠይቁት። «ጧት እጅህ እስከ ስንት ሰዓት ይንቀጠቀጣል? ጋያው እቤት ነው ወይስ ጎረቤት?» ሰውየው ይናገራል። አንዳንዱ ያለቅሳል። ሲወጡ ካርዴን ያስመልሱኝና አርመው ያስጽፉኛል።

እኔ አንድ ቀን ተናድጄ «ታዲያ እኔን ለምን ይዋሹኛል?» አልኳቸው።

«በሰው ፊት የጠየቅሽው ሰው የሚመልሰው ለሰው ነው፤ ለአንቺ አይደለም» አሉኝ። «ሰው ደግሞ እግሩ በሰው እጅ ከተያዘ መዋሸት ያፍራል።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ይዋሹ፣ ለራሳቸው ነው!» አልኩ፣ አዋቂ መስዬ።

«እሱ ተረት የተተረተው ታሞ በማያውቅ ሰው ነው» ብለው ሄዱ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ሁልጊዜ ቁም ነገር ብቻ ነበሩ እንዳትሉ። የቡራዩ ባለሱቅ ሐሰን ቡአ ወርዶበት ሊቀደድ መጣ። ሐሰን ሲጋራ ከአፉ አይነጥልም፤ ሳሉ ከሱቁ እስከ መንገዱ ማዶ ይሰማል። ሐኪሙ ሲጋራ ሳታቆም ቢላ አላነሣም አለው፤ ሐሰን ደግሞ «እኔ ሆዴን ልታከም መጣሁ እንጂ አፌን ነው እንዴ?» ብሎ ያዘ። ጋሽ ነገራ ዝም ብለው ከአሮጌ አንሶላ ቁራጭ ቀደዱ፣ መሐሉን ቆርጠው መልሰው በስፌት ክር ሰፉት፣ አንዱን ጫፍ እሳቸው ይዘው ሌላውን ለሐሰን ሰጡት። «በል ሳል፤ ባሳልክ ቁጥር ሳብ አድርገው» አሉት። ሐሰን መቼም መሳል አይቸግረው። አራተኛው ሳል ላይ ስፌቱ ተበጠሰ። ሐሰን ጨርቁን እያገላበጠ አየ፤ ሆዱን ዳበስ አደረገ፤ ወደ ቤቱ ሄደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳሉ ቀሎለት መጥቶ ተቀደደ። በመሐሉ ግን ሚስቱ ሁለት ጊዜ መጥታ «ኦቦ ነገራ፣ እባክዎን ሲጋራውን ይመልሱለት፤ እኔን ሊበላኝ ነው!» ብላ አቤት ብላለች። ጋሽ ነገራም ከሱቅ ወጥቶ እስከ ገፈርሳ ውኃ ድረስ በእግሩ ደርሶ እንዲመለስ አዘዙት። ቁጣ በእግር ይወጣል ይሉ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

ጋሽ ነገራ ወንድማቸው ሞቶ ሱሉልታ በሄዱበት ሳምንት፣ ከመናገሻ በላይ ካለው አገር አንድ ትልቅ ሰው በቃሬዛ ይዘው መጡ። ግራዝማች ኃይሌ ይባላሉ። በዚያ አገር የተጣላ ሁሉ የሚዳኘው እሳቸው ዘንድ ነው። ጠጥቶ ሚስቱን የደበደበ ባል ሲመጣ ጅራፍ ከሚገርፈው የእሳቸው ተግሣጽ ይብስበታል ይባላል። ቡአቸው ታንቆ ሆዳቸው እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ ላባቸው ይንቆረቆራል። ሚስታቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ሁለት ትልልቅ ልጆቻቸውና የነፍስ አባታቸው ከበዋቸዋል። ሐኪሙ ከውስጥ «ካርድ! ቶሎ!» እያለ ይጮኻል።

ስማቸውን ጻፍኩ፣ አገራቸውን ጻፍኩ። ግርጌው ላይ ስደርስ ጨነቀኝ። እንዲህ ያለ ሰው ትጠጣለህ ወይ ተብሎ እንዴት ይጠየቃል? ስድብ ነው። ታዲያ ልጆቹ ይውጡ አልልም? ጋሽ ነገራ ዘመድ ሲያስወጡ መቶ ጊዜ አይቻለሁ። ግን ቸኮልኩ፤ ከመቸኮሌም በላይ አፈርኩ። «ግራዝማች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መቼም እርስዎ መጠጥ የሚባል አይቀምሱም። ጋያም...» አልኩ።

«በስማም! ግራዝማች?» አሉ የነፍስ አባታቸው፣ ሳቅ እያሉ።

ግራዝማች አዩኝ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። እኔ ግን ያኔ «አይጠጣም፣ አያጨስም» ብዬ ጽፌ ብዕሬን አንሥቻለሁ። ያን አስተያየታቸውን ዛሬም አልረሳውም። ሰው ሊናገር ብሎ አፉን ሲከፍት አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ኦፕራሲዮኑ ደህና ሆነ። በሦስተኛው ቀን ግን ግራዝማች ተለወጡ። እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቃቸው፣ ከአንሶላው ላይ ጉንዳን ይለቅሙ ጀመር፤ ጉንዳን ግን የለም። «በቅሎዬን ፍቱልኝ! መጡብኝ!» እያሉ ይጮኻሉ። የቁስላቸውን መጠቅለያ ሊገነጥሉ ሲሉ ልጆቻቸው እጃቸውን ያዟቸው። ሐኪሙ ቁስሉ አመርቅዞ ይሆናል ብሎ ከፈተው፤ ንጹሕ ነው። ካርዱን አነበበ፤ የኔ ጽሑፍ «አይጠጣም» ይላል። ግራ ገባው። ቤተሰቡ ግን ግራ አልገባውም። አልጋው ላይ የሞተ ሰው ነበረ፣ ሰይጣን ነው የያዛቸው፣ ጸበል ይወሰዱ ተባለ። ቃሬዛው ተመልሶ መጣ። ሆዳቸው ገና በሦስት ቀኑ ተሰፍቶ፣ ያን ሁሉ ዳገት።

እኔ ደጅ ቆሜ የማደርገው ጠፋኝ። ጠርጥሬያለሁ። ግን ምን ብዬ ልናገር? ግራዝማች ጠጪ ናቸው ብል ልጆቻቸው ይገድሉኛል፤ እውነት ካልሆነም ገደል ገባሁ። ዝም አልኩ። ፈሪ ነበርኩ።

ጋሽ ነገራ የደረሱት ቃሬዛው ኮሪደሩ ላይ ተዘርግቶ ሳለ ነው። ለወንድማቸው ኀዘን ራሳቸውን ተላጭተዋል፤ አቧራቸውን እንኳ አላራገፉም። ግራዝማችን አንድ ጊዜ አዩ፣ እጃቸውን ያዝ አደረጉ፣ ከዚያ «ካርድ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ግርጌውን አነበቡ፤ እኔን አዩ። ሐኪሙ ዘንድ ገብተው ለሁለት ተንሾካሾኩ። ሐኪሙ መርፌ ሊያዘጋጅ ሲሄድ እሳቸው ተመልሰው ልጆቹ አባታቸውን ሊያነሡ ጎንበስ ባሉበት በሩ ላይ ቆሙ።

«አባቶቼ፣ አንድ ቃል ልናገርና ከዚያ ውሰዱ» አሉ።

«ምን ትናገራለህ? ሰይጣን በመርፌ ይወጣል?» አለ ትልቁ ልጅ።

«ይህን ሕመም አውቀዋለሁ። እኔም ታምሜዋለሁ። ሆስፒታል ውስጥ አምስት ቀን አልጋ ላይ ታስሬ ከግድግዳ ላይ እባብ ስለቅም ኖሬያለሁ። አጠገቤ አንድ ሰው ነበረ፣ ያው የኔው ዓይነት የያዘው። ወገኖቹ እንዲህ እንደ እናንተ ወደውት፣ አልቅሰው ወሰዱት። እመንገድ ላይ ሞተ። እኔን የሚወስደኝ ዘመድ አጠገቤ ስላልነበረ ዳንኩ።»

የነፍስ አባትየው፣ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ቀስ ብለው «ልጄ፣ አንተን ምን አሞህ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

ያኔ አስተዳዳሪው በስተኋላ ቆሟል። ጫልቱም መጥረጊያዋን ይዛ ቆማለች። ሌሎች በሽተኞችም ከየክፍላቸው ብቅ ብለዋል። ጋሽ ነገራ ሁሉንም አዩ። ዝም ማለት ይችሉ ነበር፤ የሆነ የወባ ዓይነት ነው ቢሉ ማን ያውቅባቸዋል? ግን ቤተሰቡ ምን እንደሆነ ካልገባው ይወስዳቸዋል። የግራዝማችን ገመና አንሥተው ቢናገሩ ደግሞ ግራዝማች ቢድኑም ቀና ብለው አይሄዱም።

«አረቄ ነው» አሉ። «ብዙ ዓመት ጠጣሁ። አረቄ ሲያጥረኝ ያኔ የምሠራበትን ሌላ ሐኪም ቤት ስፒሪቶ ውኃ እየጨመርኩ ጠጣሁ። እግሬ ተሰብሮ ተኛሁና መጠጡ በድንገት ተቋረጠ፤ ያኔ ነው ይህ የያዘኝ። ገላ የለመደውን ሲያጣ እንዲህ ያብዳል። መርፌውን ተወግቶ፣ ተጠብቆ፣ አምስት ስድስት ቀን ካለፈ ይለቃል። ግራዝማችን ምን እንዳመማቸው እኔ አላወቅኩም። እኔን ያመመኝን ብቻ ነው የነገርኳችሁ።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎተቱ። እሳቸው ያውቃሉ፤ ከእሳቸው ሌላ ማን ይወቅ? የንጋቱን መለኪያ የሚቀዱት እሳቸው መሆናቸውን ኋላ ነው የሰማሁት። ከነጠላው ውስጥ ሆነው «ይቀመጡ። አይነሡም» አሉ። ልጁ «እማዬ!» ቢል «አይነሡም አልኩ» ብለው ደገሙ። የነፍስ አባትየውም ሚስቲቱን አዩ፣ ጋሽ ነገራን አዩ፣ የገባቸው ይመስለኛል። «ጸበሉን እኛ እዚህ እናመጣዋለን። ምን ቸገረ? ሐኪሙም ይወጋ፣ እኛም እንረጫለን» አሉ። ቃሬዛው ተጠቀለለ።

ጋሽ ነገራ ከዚያ አልጋ አጠገብ አልተነሡም። ግራዝማች ሲጮኹ በአማርኛም በኦሮምኛም ያባብሏቸዋል፤ «በቅሎዋ ተፈታለች አባ ኮ፣ አባቴ፣ ሣር እየጋጠች ነው» ይሏቸዋል። በስድስተኛው ቀን ግራዝማች ተኝተው ነቁና ውኃ ለመኑ።

ግራዝማች አረቄውን ፈጽመው ተዉ ብላችሁ እዋሻለሁ። ስፌት ሊፈታላቸው ሲመጡ ግን ልጆቻቸውን ራሳቸው አስወጡ፣ በሩን አዘጉ፣ ጋያውን እንደተዉ፣ አረቄውን ግማሽ እንዳደረሱ ለጋሽ ነገራ ነገሯቸው። ማንም ሳይጠይቃቸው ነው የተናገሩት። ያ ለኔ ትልቅ ነገር ነበር።

እኔ ጥፋቴን የተናገርኩት ግራዝማች በነቁ ማግስት ነው። «ጋሼ፣ ግራዝማች ሳይመልሱልኝ ነው የጻፍኩት» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ፊደልሽ ያምራል» አሉ። ከዚህ ይልቅ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ትንሽ ቆይተው ራሴን ዳበስ አደረጉኝና «የተከበረን ሰው መጠየቅ ስድብ መሰለሽ። ሳይጠይቁ መተው ነው ስድቡ» አሉኝ።

ዋጋውን ግን የከፈልኩት እኔ አልነበርኩም። አስተዳዳሪው ኮሪደሩ ላይ የሰማውን አልረሳም። በሳምንቱ ጋሽ ነገራን ጠርቶ ስፒሪቶ የጠጣ ሰው የስፒሪቶ ቁልፍ አይዝም አላቸው። ከአሥር ዓመት በላይ ጠብታ አልቀመሱም፤ ይህን ማን ይጠይቃል? ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። አስተዳዳሪው ቁልፉን አንሥቶ ለማን ሰጠ? ለእኔ። ጽሑፏ ንጹሕ ነው፣ ታማኝ ናት ተብሎ! ኧረ አልይዝም ብዬ አልቅሼ ነበር፤ ጋሽ ነገራ «ያዢ። ሌላ ሰው ከሚይዘው አንቺ ያዢው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ጋሽ ነገራ ጠርሙስ ይዘው እፊቴ ይቆማሉ። እኔ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ስፒሪቶውን እቀዳለሁ፣ ሽታው ክፍሉን ይሞላዋል። እሳቸው ወደ መስኮቱ ያያሉ። ድሮ ራሳቸው ሲቀዱ ሽታው ምንም አይላቸውም ነበር። አሁን ግን እንደ ሌባ እየተቀዳላቸው፣ ጣታቸው ጠርሙሱ ላይ ሲጠብቅ አየዋለሁ። በየጠዋቱ «ስንት ጻድቅ መዘገብሽ?» ማለታቸውም ቀረ። ሰዎች ኮሪደር ላይ ሲያልፉ አፋቸውን ያሸቷቸዋል፤ አይቼዋለሁ። ወንድማቸው ሞቷል፣ ስማቸው ሄዷል። የሰው ገመና ሸፍነው የራሳቸው ገመና አደባባይ ላይ ቀረ። እንዳይወድቁ ፈራሁ። ፍርሃቴን ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእሳቸውም ቢሆን።

በኋላ ዘመን ሁለት ጊዜ ወድቀው ተነሥተዋል፤ ሁለቱንም ራሳቸው ነግረውኛል። ስለዚያ አልጽፍም። የምጽፈው ከዚያ በፊት ስለነበረች አንዲት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው።

ሐኪሙ አዲስ አበባ ወርዷል፣ በሽተኛም ቀንሷል። ካርድ ስደረድር ጋሽ ነገራ ካፖርታቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ አድርገው ገቡ። ጫልቱ አጠገቤ ነበረች፤ «ጫልቱ ኮ፣ አንዴ ውጪልን» አሏት። ወጣች። በሩን ዘጉት። በሽተኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ካርድ አውጪ» አሉኝ።

«ለማን ጋሼ?»

«ለእኔ። ጠይቂኝ።»

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ትናንት ጠጥተዋል?» አልኳቸው።

«አልጠጣሁም።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ገና ነው። ከዚህ ስወጣ ነው የምሄደው፣ እመንገዱ ዳር ያለው አረቄ ቤት። ልቤ ቆርጧል።» ካፖርታቸውን ጭናቸው ላይ አጥፈው «ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ስጠይቅ ኖርኩ አስናቀች። እኔን በር ዘግቶ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም። ከመሄዴ በፊት አንድ ሰው ይጠይቀኝ ብዬ ነው» አሉ።

ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ምክር የለኝም፤ ቢኖረኝም እሳቸውን የምመክረው ማን ሆኜ ነው? የማውቀው መጠየቅና መጻፍ ብቻ ነው። አዲስ ካርድ አወጣሁ። እግራቸውን ላጥብ ብዬ ስነሣ «ተቀመጪ፣ አንቺ በጽሑፍሽ ጠይቂ» አሉኝ። ጠየቅኩ። ከስንት ዓመታቸው እንደጀመሩ፣ ከማን ጋር፣ የትኛው ሰዓት እንደሚከብዳቸው፣ የስፒሪቶው ሽታ ምን እንደሚያደርጋቸው። መለሱ። አንዱንም ሳልዘል ጻፍኩ። «በየጠዋቱ ስቀዳልዎት ያዋረድኩዎት ይመስለኛል» አልኳቸው፤ ይሄ ጥያቄ አልነበረም፣ አምልጦኝ ነው። «አንቺ አይደለሽም» አሉና አለቀሱ።

ካርዱ አለቀ። ጀርባውም ሞላ። ጋሽ ነገራ ካፖርታቸውን ለበሱና ተነሡ። እኔም ተነሣሁ። ያን ጊዜ ጥያቄ ካለቀብኝ የሚሄዱ መስሎ ታየኝ፤ እንደዚያ የፈራሁበት ቀን የለም። «ጋሼ፣ ስምዎን ሙሉውን አልጻፍኩም። የአያትዎ ስም ማን ነበር?» አልኩ።

«ጉደታ» አሉ፣ በሩን እየከፈቱ። «ነገራ ቱፋ ጉደታ።»

«የጉደታስ አባት?»

ዘወር ብለው አዩኝ። የማደርገው ገብቷቸዋል፤ ሞኝ አይደሉም። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው «ዋቆ» አሉ። ነጠላዬን አንሥቼ ተከተልኳቸው። ቅዳሜ ነውና ገበያተኛው ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በመሐሉ ጎን ለጎን ሄድን። «የዋቆስ አባት?» «ቢፍቱ አትበይ እንጂ፣ እሱ የሴት ስም ነው፤ ሮቢ ነው» አሉ፤ እኔ ቢፍቱ አላልኩም ነበር። ትንሽ ሳቁ። አረቄ ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ ሰዎች «ኦቦ ነገራ! ግቡ እንጂ!» ብለው ተጣሩ። እግራቸው ገታ አለ። እጃቸውን ያዝኩ፤ ባለጌ ብባል ልባል ብዬ፣ በአደባባይ። «የሮቢስ አባት ጋሼ?»

ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ቀስ እያሉ፣ አንድ በአንድ፣ ልጅ ፊደል እንደሚቆጥር፣ ጉርሜሳ አሉ፣ የጉርሜሳ አባት ጨመዳ አሉ፣ የጨመዳ አባት ቦሩ አሉ። ሰባተኛው አባታቸው ላይ ስንደርስ አረቄ ቤቱ ከኋላችን ቀርቶ ነበር።